እንግዳ ሲቀር የማን ሌማት ይጐድላል?

«የቱሪዝም ገቢ ቀነሰ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ያለ መንገደኛ የቆመ አውሮፕላን፣ በሩ የተዘጋ ትልቅ ሆቴል፣ ወይም በባንክ መዝገብ የጐደለ የውጭ ምንዛሪ ነው። አልጋውን የምታነጥፈው፣ አንሶላውን የምታጥበው፣ ለሆቴሉ ወጥ ቤት ሽንኩርትና እንቁላል የምታቀርበው ሴት በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስሟ ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ እንግዳው ሲቀር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐድለው የእርሷ ሌማት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖሩ እንዲህ ያሉ እናቶች የደረሰባቸውን ችግርና ከችግሩ የወጡበትን መንገድ ይመለከታል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ የዝዋይን፣ የላንጋኖን፣ የአብያታንና የሻላን ሐይቆች በግራና በቀኝ ትቶ፣ አርሲ ነገሌን ካለፈ በኋላ፣ ሻሸመኔ ከመግባቱ በፊት ኩየራን ያገኛል። ኩየራ በአድቬንቲስት ሚስዮን ትምህርት ቤቷና በሆስፒታሏ ስሟ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ድንች፣ ጐመን፣ ስንዴና በቆሎ የሚበቅልበት ለም መሬት ነው። ጐብኚ ከመኪናው ወርዶ ፎቶግራፍ የሚያነሳበት ሐይቅ ወይም ገላውን የሚታጠብበት ፍል ውኃ ግን የላትም። በመሆኑም «ኩየራንና ቱሪዝምን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም።

የሚያገናኟቸው ሴቶቹ ናቸው። በላንጋኖ ዳርቻ ካሉት መዝናኛዎች፣ ከሻሸመኔ ሆቴሎችና ከወንዶ ገነት ፍል ውኃ መንደር በአልጋ አንጣፊነት፣ በልብስ አጣቢነትና በወጥ ሠሪነት ተቀጥረው ከሚሠሩት መካከል ከእንዲህ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች የሚሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በኩየራ ቤታቸው ካነጋገረቻቸው አንዷ ዕድሜያቸው ከ40 ጥቂት ያለፈ የአራት ልጆች እናት ናቸው። «ስሜ ይቅር፤ ሥራዬን ንገሪልኝ» ስላሉን ስማቸውን አንጠቅስም። ሥራቸውም በላንጋኖ ሐይቅ ዳር በሚገኝ አንድ መዝናኛ አልጋ ማንጠፍ ነው። ከኩየራ እስከዚያ በየቀኑ ተመላልሶ መሥራት ስለማይቻል ሳምንቱን በሠራተኞች ማደሪያ ያሳልፉና በዕረፍት ቀናቸው ወደ ልጆቻቸው ይመጣሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከሳጥናቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው «ቆይ፣ መጀመሪያ ጉዱን ስሚ» አሉን። እኛም እንደ እርሳቸው ነገሩን ከመጀመሪያው እንጀምር።

መንገዱ ጭር ያለበት ወራት

የዓለም የጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በሽታው በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ ማቋረጡን አስታወቀ። ከዚያም ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ በሆቴል ውስጥ ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ። በምግብ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ መቀመጥ ቀረ። የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ከመቀመጫቸው በግማሹ ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ።

እርምጃው የሰው ሕይወት ለማዳን የተወሰደ መሆኑ አያጠያይቅም። የአገራችን ሰው ወረርሽኝ ምን ማለት እንደ ሆነ ከአያት ከቅድመ አያቱ ሰምቷል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጅቶ አልፏል። መታሰቢያውም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ በሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» በምንለው ልማድ እስከ ዛሬ አለ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመንና በእኛ ዘመን መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ያን ጊዜ በእንግዳ መምጣት የሚተዳደር ቤተሰብ በአገራችን እንደ ዛሬው አልነበረም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የቱሪዝም ድርጅትን አቋቁመው «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር አገራችንን ለዓለም ካስተዋወቁ ወዲህ ግን በመንገደኛ እንጀራ የሚበላው ቤተሰብ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መጥቷል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በፈረንጆች 2020 ዓ.ም. ድንበር ተሻግሮ የተጓዘው ሰው ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። በቁጥር ሲገለጽ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ጉዞ ቀረ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከወረርሽኙ በፊት ባወጣው ጥናት በዓለም በዚህ ሙያ ከተሰማሩት 100 ሠራተኞች 54ቱ ሴቶች መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ብዙዎቹም ደመወዙ ዝቅተኛ በሆነው የሥራ ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ጉዳቱ በቅድሚያ የወደቀው በማን ላይ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ከላንጋኖ አልጋ እስከ ኩየራ ማጀት

እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ እንዴት እንደሚጓዝ ከእኚህ እናት ሥራ ማየት ይቻላል። አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ ተነስቶ ቅዳሜና እሑድን በላንጋኖ ለማሳለፍ ይመጣል። ለአልጋና ለምግብ የከፈለው ገንዘብ ወደ ሆቴሉ ሣጥን ይገባል። ሆቴሉ ከዚያው ላይ ለአልጋ አንጣፊዋ፣ ለአጣቢዋና ለአስተናጋጇ ይከፍላል። ወጥ ቤቱ አሳውን ከዝዋይ አጥማጆች፣ እንቁላሉንና ወተቱን ከገጠር ሴቶች፣ ድንቹንና ጐመኑን ከኩየራና ከሻሸመኔ ገበያ ይገዛል። እንግዳው በመንገዱ ላይ ቡና የምታፈላዋን፣ ፍራፍሬ የምትሸጠዋን፣ ሰፌድና ዘንቢል የምትሠራዋን ሴት ይጐበኛል። አልጋ አንጣፊዋ በበኩሏ በደመወዟ ከሰፈሯ ሱቅ ዘይትና ስኳር ትገዛለች፤ የሱቁ ባለቤትም በዚያው ገንዘብ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍላል። ስለዚህ አንድ አልጋ ሳይነጠፍ ባደረ ቁጥር የሚጐዳው የሆቴሉ ባለቤት ብቻ አይደለም።

የእኚህ እናት የወር ደመወዝ ያን ጊዜ ከ1,500 ብር አይበልጥም ነበር። ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው እንግዶች ሲለቁ ትራስ ሥር ወይም ጠረጴዛ ላይ የሚተዉት ጉርሻ ነው። በበዓል ሰሞን የጉርሻው ገንዘብ ከደመወዙ የሚበልጥበት ወር ነበረ። በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። በሌላው ዓመት ቢሆን በዚያ ሰሞን በላንጋኖ ባዶ አልጋ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ ዓመት ግን እንግዳ የለም፤ እኚህ እናትም ከቤታቸው ዋሉ። የረመዳን ጾም ተከትሎ ገባ፤ የኢድ በዓልም ያለ እንግዳ አለፈ።

ሌሎቹም ከተሞች በየመልካቸው ተጐዱ። አዳማ በአመዛኙ የምትኖረው በስብሰባና በሥልጠና እንግዶች ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል አዳራሾቿ ተዘጉ፤ ለስብሰባ ሻይና ምሳ የሚያዘጋጁት ሴቶችም ሥራ ፈቱ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ ጭር አለ። በሆራ አርሰዲ የሚከበረው የኢሬቻ በዓልም በ2013 ዓ.ም. በተወሰነ ሰው ብቻ ተከበረ። ለበዓሉ ምግብና መጠጥ፣ ጌጣጌጥና የባህል ልብስ ሲያዘጋጁ የከረሙ ሴቶች ገበያቸው ቀዘቀዘ። በአረቄ ሥራቸው የታወቁት የአርሲ ነገሌ እናቶች ደግሞ የእንግዳ ሠራተኞች ባይሆኑም፣ የሸቀጣቸው መንገድ ይኸው የመኪና መንገድ ስለ ሆነ፣ ሆቴልና መጠጥ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የችግሩ ተካፋዮች ሆኑ።

ቤቱ ሲሞላ፣ ኪሱ ሲራቆት

የእኚህ እናት ባለቤት የሚኒባስ ሾፌር ናቸው። መኪናው በግማሽ መጫን ሲጀምርና ተሳፋሪው ራሱ ሲጠፋ ገቢያቸው ለመኪናው ባለቤት ከሚሰጡት አላልፍ አለ። ልጆቹ አራቱም ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። ከማለዳ እስከ ማታ ውጭ ይውል የነበረ ቤተሰብ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተፋጥጦ መዋል ጀመረ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉን፤ «ከበሽታው ይልቅ ያስፈራኝ ጠቡ ነበር። በየምክንያቱ ይነሳል። ጨው በዛ ተብሎ ይነሳል፤ ልጅ ጮኸ ተብሎ ይነሳል። ጨውም ልጅም አልነበረም፤ ማጣታችን ነው።»

እኚህ እናት የተናገሩት ነገር በዓለም ሁሉ የታየ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚያው ዓመት በየቤቱ በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት በወረርሽኙ ሳቢያ እየበረታ መምጣቱን ገልጾ መንግሥታትን አስጠንቅቋል። ሥራ ያጣ ባልና ገቢዋ የተቋረጠ ሚስት ችግሩን በግልጽ ካልተነጋገሩበት ንዴቱ የሚያርፈው በእርስ በርሳቸውና በልጆቻቸው ላይ ነው።

በእነዚህ ባልና ሚስት ቤት ነገሩን የለወጠው የመጀመሪያ ልጃቸው ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ተኩል የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ወር ሲሆን አንዲት ደላላ ወደ ቤት መጥታ፣ «ልጅቷ ቤት ተቀምጣ ከምትውል አዲስ አበባ ጥሩ ሰው ቤት ላስገባት፤ በወር በወሩ ደመወዟን ትልክላችኋለች» አለች። አባት ሐሳቡን ወደዱት። እናት አንድ ሌሊት ሳይተኙ አደሩ። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከቤት የወጣች ልጅ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትመለሳለች ብሎ ዋስ የሚሆን የለም።

በነጋታው ለባለቤታቸው የተናገሩት ቃል አጭር ነበር፦ «እኔ የ4ኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ሰው ቤት ስገባ እናቴ ‹ለአንድ ክረምት ነው› ብላኝ ነበር። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፤ ክረምቱ አላለቀም።» ባልየው ዝም አሉ። ደላላዋ በሦስተኛው ቀን ስትመለስ በሩ ላይ የተቀበሏት አባትየው ራሳቸው ነበሩ፤ ልጅቱ እንደማትሄድ ነግረው ሸኟት።

ደብዳቤ የሌላት ሠራተኛ

እዚህ ላይ አንባብያን አንድ ጥያቄ ማንሳታቸው አይቀርም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪዎች መንግሥት ካወጣው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ፣ ቤት አከራዮችም ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ተከልክሎ ነበር። ታዲያ እኚህ እናት እንዴት ያለ ደመወዝ ቤታቸው ዋሉ?

መልሱ በአንድ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኚህ እናት በመዝናኛው ሥራ የጀመሩት በ2007 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሥራ፣ እዚያው ቦታ፣ ሳያቋርጡ ሠርተዋል። የቅጥር ደብዳቤ ግን አልተሰጣቸውም፤ እርሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። እንግዳ ሲቀር ሥራ አስኪያጁ የቅጥር ደብዳቤ ላላቸው ሠራተኞች ግማሽ ደመወዝ እየከፈለ አቆያቸው። ደብዳቤ የሌላቸውን ሴቶች ግን «እናንተ የቀን ሠራተኞች ናችሁ፤ ሥራ ሲኖር እንጠራችኋለን» ብሎ አሰናበታቸው። «ተባረሩ» የሚል ቃል አልወጣም፤ በወረቀት ላይ ያልተቀጠረ ሰው በወረቀት ላይ አይባረርምና።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። አሠሪው ይህን ሳይፈጽም ቢቀር እንኳ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት አያጣም። ከዚህም ሌላ አዋጁ በግልጽ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በስተቀር ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቈጠራል። በአጭሩ ሥራው ቋሚ ከሆነ ሠራተኛዋም ቋሚ ናት ማለት ነው። ዓመት ከዓመት የሚነጠፍ አልጋ ባለበት ቤት «የቀን ሠራተኛ» የሚባል አልጋ አንጣፊ ሊኖር አይገባም።

ይሁን እንጂ መብቱን የማያውቅ ሰው መብቱን አይጠይቅም። እኚህ እናትና ጓደኞቻቸው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ቢሄዱ ይጠየቅላቸው እንደ ነበር ያወቁት ዘግይተው ነው። መንግሥት ለሆቴሎች በዝቅተኛ ወለድ ብድር እንዲሰጥ ባደረገ ጊዜም ዓላማው ድርጅቶቹ ሠራተኞቻቸውን ይዘው እንዲቆዩ ነበር። በድርጅቱ መዝገብ ላይ እንደ ሠራተኛ ያልሰፈረች ሴት ግን ከዚህ ዓይነቱ እርዳታ የሚደርሳት ድርሻ የለም።

ድር ቢያብር

ቤተሰቡን ከረኃብ ያወጣው የሰፈሩ የሴቶች እቁብ ነበር። 14 ሴቶች በየሳምንቱ 100 ብር ይጥሉ ነበር። ችግሩ ሲመጣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መጣል አቃታቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ እቁብ ይፈርሳል፤ የወሰደው ሳይመልስ፣ ያልወሰደው ሳይደርሰው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተኰራርፎ ይቀራል። የዚህ እቁብ ዳኛ ግን አባሎቹን በአንዷ ግቢ ውስጥ ተራ በተራ፣ ሦስትና አራት እየሆኑ፣ ተራርቀው እንዲቀመጡ አድርገው አነጋገሩ። ሦስት ነገርም ተወሰነ። መጣያው ከ100 ብር ወደ 30 ብር ዝቅ እንዲል፤ ዕጣው ቀርቶ የባሰ የቸገራት አስቀድማ እንድትወስድ፤ የወሰደች ሴት ገንዘቡን በልታ እንዳትጨርስ በከፊሉ እንድትነግድበት።

በኩየራ የሚነገድበት ነገር አልጠፋም፤ ድንች አለ። ሰው የሚጭነው መኪና ቢቀዘቅዝም እህልና አትክልት የሚጭነው አይሱዙ አልቆመም። አራት ሴቶች ገንዘባቸውን አጋጥመው ከገበሬው ማሳ ላይ ድንች እየገዙ፣ አጥበውና ለይተው በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ፣ ለጫኞች ማስረከብ ጀመሩ። ትርፉ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን የዕለት ጉርስ ይሸፍናል። ከአባሎቹ አንዷ የነበራትን የስፌት መኪና አውጥታ የጨርቅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እየሰፋች ለሾፌሮችና ለረዳቶች ሸጠች። የኩየራዋ እናትም የመጀመሪያውን እቁብ ወስደው የድንቹ ንግድ አባል ሆኑ።

እናት ከጎሕ እስከ ቀትር ማሳ ላይ ሲውሉ ቤቱን ማን ይያዝ? ይህ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። ባለቤታቸው በመጀመሪያ ቁርስ መሥራትና ልጅ ማጠብ የሴት ሥራ መስሏቸው ተቸግረው ነበር። ጀሪካን ይዘው ወደ ቧንቧ ሲሄዱ ጐረቤት እንዳያያቸው ገና ሳይነጋ ነበር የሚወጡት። አንድ ማለዳ ግን ቧንቧው ዘንድ ሲደርሱ ሌላ ሾፌር ጓደኛቸው እንደ እርሳቸው ተደብቆ ውኃ ሲቀዳ አገኙት። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ በብርሃን መሄድ ጀመሩ። እናት ይህን ሲነግሩን እየሳቁ ነበር፤ ባለቤታቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው «አሁንም እቀዳለሁ እኮ፤ እሱንም ጻፊው» አሉን። ይኸው ጽፈናል።

ከሐዘን ላይ ሐዘን

የወረርሽኙ ችግር ብቻውን አልመጣም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በተነሳው ሁከት በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎችም ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሆቴሎች ጨምሮ ብዙ ሱቅና ሆቴል ተቃጠለ። በእነዚህ ቤቶች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች፣ ወረርሽኙ ሲያልፍ ወደ ሥራችን እንመለሳለን ብለው ሲጠብቁ፣ የሚመለሱበት ቤት አጡ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ከመድረሱ በፊት ደግሞ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፤ የውጭ አገር ጐብኚም የበለጠ ራቀ። ሐይቅና ፍል ውኃ ቢኖርም ሰላም ከሌለ እንግዳ እንደማይመጣ እነዚህ ዓመታት በግልጽ አሳይተዋል።

ቀስ በቀስም ነገሩ መሻሻል ጀመረ። ትምህርት ቤቶች ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ በየተራ ተከፈቱ፤ የኩየራዋ ልጅም ወደ ክፍሏ ተመለሰች። በሽታው በአገራችን በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ። የውጭ እንግዳ ባልነበረበት ጊዜ የአገር ውስጥ ጐብኚ ጥቅም ጎልቶ ታየ፤ በዚህም ወቅት ነበር በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ መዝናኛዎችን የሚሠራው «ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት የተጀመረው። የዓለም የጤና ድርጅት የኮቪድ አጣዳፊ የጤና ስጋትነት ማብቃቱን ያስታወቀው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

የፌስታሉ ወረቀት

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የላንጋኖው መዝናኛ እኚህን እናት ጠራቸው። «ነገ ግቢ» ነበር መልእክቱ። እናት ግን ወዲያው አልሄዱም። በመጀመሪያ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው መከሩ፤ ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀርበው «እገባለሁ፤ ግን በደብዳቤ ነው» አሉ።

ይህን ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ከበሩ ውጭ በደብዳቤም ያለ ደብዳቤም ለመግባት የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ካመነታ በኋላ፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው ስለሚፈልግ፣ እሺ አለ። ከሳምንት በኋላ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጣቸው። እናትም ተደስተው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ኩየራ መጡ።

ልጅቷ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። «እማዬ፣ ሥራ የጀመርሽው መቼ ነው?» አለች። እናት «አንቺ 3ኛ ክፍል ሳለሽ ነዋ» አሉ። ደብዳቤው ግን የቅጥራቸው ዘመን ከ2014 ዓ.ም. እንደሚጀምር ነበር የሚለው። በ2007 ዓ.ም. የጀመረው አገልግሎት በሙሉ ጠፍቷል። የዓመት ዕረፍትም ሆነ የስንብት ክፍያ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን ስለ ሆነ ይህ ቀላል ስሕተት አልነበረም።

እናት ተመልሰው ሄዱ። በየወሩ ደመወዝ ሲቀበሉ የፈረሙበት የመክፈያ ዝርዝር ከድርጅቱ መዝገብ ቤት እንዲወጣ ጠየቁ፤ አብረዋቸው የሠሩ ሁለት ሴቶችም ምስክር ሆኑ። ዝርዝሩ ተገኘ፤ ፊርማቸውም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ደብዳቤው ተስተካክሎ እንደ ገና ተጻፈ። ያንን ተከትሎ ሌሎች ስድስት ሴቶችም ጠይቀው ደብዳቤ አገኙ።

ልጅቷን ለደላላዋ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ያን ደብዳቤ ማን ያነበው ነበር? ይህን ጥያቄ ለአንባብያን እንተወዋለን። ልጅቷ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን ጨርሳ የነርስነት ሙያ እየተማረች ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አገር ጐብኚ አንድ ቀን ይመጣል፤ አንድ ቀን ይቀራል። በሽታ፣ ጦርነት ወይም የኑሮ ውድነት መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የተሰማራችሁ እናቶችና እህቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ አስቀድማችሁ ልታስቡባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ጠይቁ። ደብዳቤው ስማችሁን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን በትክክል የያዘ መሆኑን አረጋግጡ። ማንበብ የማትችል እናት ለምታምነው ሰው ታስነብብ።

ሁለተኛ፣ አሠሪያችሁ የጡረታ መዋጮ የሚከፍልላችሁ መሆኑን ጠይቁ። በግል ድርጅት የሚሠራ ቋሚ ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። መዋጮው መከፈሉ ለእርጅና ከመጥቀሙም በላይ ሠራተኛ ለመሆናችሁ አንዱ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ የደመወዝ መቀበያ፣ የፈረማችሁበት ወረቀትም ሆነ የሥራ መታወቂያ አትጣሉ። የኩየራዋን እናት ያዳናቸው የመክፈያ ዝርዝሩ ነው።

አራተኛ፣ ጉርሻን እንደ ደመወዝ አትቁጠሩት። ደጉ ወር ሲመጣ የጉርሻውን ከፊል ለክፉ ወር አስቀምጡ። እቁባችሁም ችግር በመጣ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ችግሩ ሳይመጣ ተነጋግራችሁ ወስኑ።

አምስተኛ፣ ለአባወራዎች የምንለው አለ። ሚስት ለእንጀራ ስትወጣ ቤት መያዝ ውርደት አይደለም። የልጅን ትምህርት አቋርጦ ደመወዝ መፈለግ ግን ነገ የሚገኘውን ለዛሬ መሸጥ ነው።

የሆቴልና የመዝናኛ ባለቤቶችም ቢያስቡበት የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው። እንግዳ ተመልሶ የሚመጣው ሐይቁን ብሎ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ አልጋና ፈገግታ ያለው ፊት ስላገኘ ጭምር ነው። ያን አልጋ የምታነጥፈዋ ሴት ነገ ቦታዋ ላይ ስለ መኖሯ እርግጠኛ ካልሆነች ፈገግታው ከየት ይመጣል?

ከቤታቸው ስንወጣ እናት ወረቀቱን እንደ ገና በፌስታሉ ጠቅልለው ወደ ሳጥናቸው መለሱ። ሰኞ ማለዳ ወደ ላንጋኖ ይሄዳሉ። ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ብዙ እንደ ነበር፣ የሚነሳውም አንሶላ እንደማያልቅ እየነገሩን እስከ መንገዱ ዳር ሸኙን።